ከአንድ ሙዚቃ የአንድ ምሽት ጨዋታ ማውጣት፦ ለጠረጴዛ ጨዋታ መሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

የምናብ ዓለም የጠረጴዛ ጨዋታ መምራት ከጀመሩ ሰዎች ዘወትር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንጫወት የትኛውን ሙዚቃ ልክፈት?» ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ታሪኩ ተጽፎ፣ ጭራቁ ተመርጦ፣ ካርታው ተሥሎ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የሚመረጥ ሙዚቃ ያለቀ ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ ሥዕል ነው፤ ቢነሣም ቤቱ አይጎድልበትም። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ሙዚቃውን ያዳምጣሉ፤ ከውስጡ ቦታውን፣ ባላጋራውንና የምሽቱን ሕግ ያወጣሉ፤ ከዚያም ያንኑ ሙዚቃ ቆራርጠው በተገቢው ቅጽበት ለተጫዋቾቹ ያሰሙታል።

መመሪያው የተዘጋጀው እንደ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ያለውን ጨዋታ ለሚመሩ ሰዎች ሲሆን፣ አንድ ሰው ታሪኩን የሚመራበት፣ ሌሎቹ ደግሞ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው ዳይስ እየጣሉ ዕጣ ፈንታቸውን የሚወስኑበት ማንኛውም ጨዋታ ይሠራበታል። ደረጃዎቹ በአየር ላይ እንዳይቀሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ፤ እሱም ፈረንሳዊው ካሚል ሳን ሳንስ እ.ኤ.አ. በ1874 ለኦርኬስትራ የጻፈው «ዳንስ ማካብር» ማለትም የሙታን ዳንስ ነው። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ጨዋታ ግን ሙሉ ምሽት ይይዛል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ርዝመቱ ከ10 ደቂቃ የማይበልጥ፣ ግጥም የሌለው አንድ ሙዚቃ፣ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደመጥ ሳይሆን ወርዶ የተቀመጠ።
- ለዝግጅት የጆሮ ማዳመጫ፣ ለጨዋታው ምሽት ደግሞ አንድ ስፒከር።
- ደብተርና ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች።
- ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓት።
- ድምፅ ለመቁረጥ የሚያገለግል ፕሮግራም። ኦዳሲቲ በነፃ የሚገኝና ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ የሆነ ነው።
- ለሙዚቃው ብቻ የሚሆን፣ ሲም ካርድ የሌለው አሮጌ ስልክ ወይም ታብሌት። ከሌለ የራስዎ ስልክ ይበቃል፤ ጥንቃቄውን በደረጃ 7 ያገኙታል።
- መብራት ቢጠፋ የሚያገለግል የተሞላ ፓወር ባንክ።
- 12 ጠጠሮች። የገበጣ ጠጠር ቢሆን ይመረጣል፤ እንጨት ላይ ሲቀመጥ ጥሩ ድምፅ አለው።

ደረጃ 1፦ ሙዚቃውን ይምረጡ

የሚመርጡት ሙዚቃ ሦስት ነገሮች ሊኖሩት ይገባል። አንደኛ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ሆኖ የማይዘልቅ፣ በውስጡ የሚለወጥ ነገር ያለው መሆን አለበት፤ የማይለወጥ ሙዚቃ ለጀርባ ድምፅነት ቢሆንም ታሪክ አይወጣውም። ሁለተኛ፣ ተጫዋቾቹ በሚሰሙት ቋንቋ የተዘፈነ ግጥም ሊኖረው አይገባም። አማርኛ የሚሰማ ጆሮ የአማርኛ ግጥም እየተዘፈነ ሌላ ሰው የሚናገረውን በሚገባ መከታተል አይችልም፤ ቃላቱ እርስዎ ከሚናገሩት ጋር ይሻማሉ። ሦስተኛ፣ ሙዚቃው በተጫዋቾቹ ሕይወት ውስጥ የራሱ ቦታ ያለው መሆን የለበትም። ግጥም የሌለው፣ በማሲንቆ ብቻ የሚሰማ የትዝታ ዜማ እንኳ እያንዳንዱን ሰው ወደ ራሱ ትዝታ ይዞት ይሄዳል፤ እርስዎ የፈጠሩት ዓለም ውስጥ ግን ማንም አይገባም።

«ዳንስ ማካብር» ሦስቱንም ያሟላል። አዘውትሮ የሚያደምጠው ተጫዋች ካለዎት ግን ሌላ ይምረጡ፤ በመመሪያው መጨረሻ ላይ ተጨማሪ አማራጮች አሉ።

ደረጃ 2፦ ሦስት ጊዜ ያዳምጡ

የመጀመሪያውን ጊዜ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ምንም ሳይጽፉ ያዳምጡ። እስክሪብቶ የያዘ ሰው የሚጻፍ ነገር ሲፈልግ ስሜቱ ያመልጠዋል። ሙዚቃው ሲያልቅ በደብተርዎ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፉ፦ «ይህ ሙዚቃ የሚከናወነው የት ነው?»ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆን።

በሁለተኛው ጊዜ ሰዓት ይዘው ያዳምጡ። አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር ደቂቃውንና ሰከንዱን፣ ከጎኑም የሰሙትን ነገር ይመዝግቡ። ስለ ሙዚቃ የተማሩ መሆን አይጠበቅብዎትም፤ «እዚህ ጋ ቀጭን ድምፅ ገባ»፣ «እዚህ ጋ ሁሉም ጸጥ አለ» ማለት ይበቃል። ያው ሙዚቃ በሌላ ኦርኬስትራ ሲጫወት ፍጥነቱ ስለሚለያይ፣ ሰከንዶቹን የመዘገቡበትን ቅጂ እስከ ጨዋታው ምሽት ድረስ አይቀይሩ።

በሦስተኛው ጊዜ የሚያዳምጡት አንድ ጥያቄ ይዘው ነው፦ እዚህ ውስጥ ማን ምን ይፈልጋል? ይህ ጥያቄ ከሌለ በእጅዎ የሚቀረው መልክዓ ምድር ብቻ ይሆናል፤ ጨዋታ የሚሆነው ግን ፈላጊና ከልካይ ሲገናኙ ነው።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን ድምፅ ወደሚጨበጥ ነገር ይለውጡ

የሥራው ዋና ክፍል ይህ ስለሆነ አይቸኩሉበት። በመጀመሪያው ቀለም የጻፏቸውን ድምፆች አንድ በአንድ ይውሰዱና ከእያንዳንዱ ጎን በሁለተኛው ቀለም ተጫዋቾቹ ሊያዩት፣ ሊነኩት ወይም ሊያነጋግሩት የሚችሉ አንድ ነገር ይጻፉ። «ፍርሃት»፣ «ጨለማ»፣ «ምሥጢር» ብለው አይጻፉ፤ ተጫዋች ፍርሃትን በእጁ ሊይዝ፣ ጨለማን ሊያናግር አይችልም።

በምሳሌያችን ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ሙዚቃው ሲጀምር ሃርፕ የተባለው ባለ ብዙ ክር መሣሪያ አንዱን ኖታ 12 ጊዜ ይመታል፤ ይህ የመንፈቀ ሌሊት ደወል ነው። ቀጥሎ ብቻውን የሚገባው ቫዮሊን ጆሮ የሚቆረቁር ድምፅ አለው። ምክንያቱም የቫዮሊኑ ቀጭን ክር ሆን ተብሎ ከተለመደው ቅኝት በግማሽ ድምፅ ዝቅ እንዲል ይደረጋል፤ ከጎኑ ካለው ክር ጋር አብሮ ሲመታ የሚወጣው የማይስማማ ድምፅ ከዚያ የመጣ ነው። እንግዲህ ቫዮሊኑ አንድ ሰው ነው፦ መቃብር ላይ ቆሞ የሚጫወት፣ መሣሪያው የተበላሸ ቅኝት ያለው ሙዚቀኛ። ዜማው እያደገ ሲሄድ የሚሰማው ደረቅ፣ እንጨት ከእንጨት የተጋጨ የሚመስለው ድምፅ የዛይሎፎን ነው፤ ሳን ሳንስ ያስገባው የአጥንት መንቋቋትን እንዲያሰማለት ነው። ወደ መጨረሻው ሙዚቃው በኃይሉ ጫፍ ላይ ሳለ በድንገት ይቆምና ኦቦ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ የዶሮ ጩኸት ያሰማል። ዶሮ ሲጮኽ የሌሊት ነገር ሁሉ ወደየቦታው ይመለሳል፤ ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት አንድ ጉዳይ አለ። ስለ መቃብርና ስለ አፅም ሲነሣ የማንኛውም የጨዋታ መሪ እጅ ወደ ውጊያ ይሄዳል። ሙዚቃው ግን ውጊያ አይደለም፤ ዋልትዝ የተባለው ባለ ሦስት ምት የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ስለዚህ አፅሞቹ ሰይፍ አይመዙም፣ ይጨፍራሉ። አደጋው መወጋት ሳይሆን አብሮ መጨፈር ነው፤ ዶሮ ሲጮኽ ከአፅሞቹ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ የተገኘ ሁሉ አብሮ ወደ መቃብር ይወርዳል። ይህንን ትዕይንት ያገኘሁት ከምቱ ነው፤ ታሪኩን አስቀድሜ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ከአፅም ጋር የሚደረግ አንድ ተራ ውጊያ ጽፌ፣ የማይመለከተውን ሙዚቃ ከላዩ እከፍትበት ነበር።

ደረጃ 4፦ ከሙዚቃው አካሄድ የምሽቱን ሕግ ያውጡ

ነገሮቹ ከተገኙ በኋላ ሙዚቃው እንዴት እንደሚጓዝ ይመልከቱ፤ ይደጋገማል፣ ይፈጥናል፣ ይበዛል ወይስ ይሰበራል? የሙዚቃው ጉዞ የጨዋታው ሕግ ሲሆን ተጫዋቾቹ ሙዚቃው ባልተከፈተበት ሰዓት እንኳ በውስጡ ይቆያሉ።

«ዳንስ ማካብር» በ12 ምት ይከፈታል፣ ዜማውን እየመላለሰ ይጎላል፣ በዶሮ ጩኸት ይቆማል። ከዚህ የሚከተለው ሕግ ይወጣል፦

ሀ. በ12ቱ ምቶች 12 መቃብሮች ይከፈታሉ፣ 12 ጠጠሮችም ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣሉ።

ለ. ሁሉም ተጫዋቾች አንድ አንድ ድርጊት በፈጸሙ ቁጥር አንድ ጠጠር ይነሣል። የመጨረሻው ጠጠር ሲነሣ ዶሮ ይጮኻል።

ሐ. ቫዮሊኑ የሚሰማበት ቦታ ያለ ገጸ ባሕርይ በየዙሩ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥላል። የሚፈለገውን ቁጥር ወይም ከዚያ በላይ ካላገኘ እግሩ ለቫዮሊኑ ይታዘዝና ወደ ዳንሱ ይገባል። ጓደኛው ድርጊቱን ከፍሎ ጎትቶ ሊያወጣው ይችላል።

መ. የሚፈለገው ቁጥር በየሦስት ጠጠሩ ያድጋል፦ 10፣ 12፣ 14፣ 16። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም 10 ቀላል፣ 15 መካከለኛ፣ 20 ከባድ ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ተጫዋቾቹ ከቀላል ተነሥተው ከመካከለኛው ትንሽ አልፈው ይቆማሉ።

ሠ. የቫዮሊኑን ቀጭን ክር በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ የቃኘ ሰው ዳንሱን ያቆማል።

የመጨረሻዋን ሕግ ለተጫዋቾቹ አይንገሯቸው፤ እንዲደርሱባት ግን በር ይክፈቱላቸው። በጠረጴዛው ላይ አዝማሪ ሆኖ የሚጫወት ሰው ካለ «ከክሮቹ አንዱ የተቃኘው ዝቅ ብሎ ነው» የሚለውን ለእሱ ገጸ ባሕርይ ይንገሩ። ሙዚቃ የሚያውቅ ገጸ ባሕርይ ይዞ ለወራት ሲጫወት የኖረ ሰው ሙዚቃ የማወቁ ጥቅም በተግባር የሚታይበት ምሽት ብዙ አያገኝም።

አስቀድመው መልስ ያዘጋጁለት ሌላም ነገር አለ። አንድ ተጫዋች ከመንደሩ ዶሮ ፈልጎ አምጥቶ ያለ ሰዓቱ እንዲጮኽ ሊያደርግ ይሞክራል፤ ይህንን ሐሳብ እስካሁን ያላነሣ ቡድን አልገጠመኝም። አይከልክሉት። ዶሮውን አግኝቶ እስኪመለስ አራት ጠጠር ይነሣ፣ ካስጮኸውም ዳንሱ ለአንድ ዙር ብቻ ይቁም።

ደረጃ 5፦ ድምፁን ይቁረጡ

ሙዚቃውን በኦዳሲቲ ይክፈቱና በደረጃ 2 በመዘገቧቸው ሰከንዶች መሠረት ክፍሎቹን ለየብቻ ያስቀምጡ። የምሳሌያችን ፋይሎች አራት ናቸው።

01 – ደወሉ። 12ቱ የሃርፕ ምቶች ብቻ። በአብዛኞቹ ቅጂዎች በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይጠናቀቃሉ።

02 – ሙዚቀኛው። ቫዮሊኑ ብቻውን ከሚገባበት ጀምሮ ዜማው እስኪረጋ ድረስ።

03 – ዳንሱ። መካከለኛው ረጅም ክፍል፣ ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ እስከሚደርስበት ድረስ። ከድንገተኛው ጸጥታ በፊት ይቁረጡት።

04 – ዶሮው። ከጸጥታው እስከ መጨረሻ።

መቁረጥ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሙዚቃው ሰባት ደቂቃ፣ ትዕይንቱ ደግሞ ሰዓት ተኩል ስለሆነ፣ ሙሉውን ከፍተው ቢተዉት ተጫዋቾቹ ገና ወደ አጥሩ ሳይደርሱ ዶሮው ይጮኻል። የፋይሎቹ ስም በቁጥር መጀመር አለበት፤ ስልኩ በቅደም ተከተል ያስቀምጥልዎታል፣ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥም ፈልገው አይደናገሩም። 03 ሲያልቅ ተቆርጦ እንዳይቀር የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች ድምፁ ቀስ እያለ እንዲወርድ ያድርጉት። 04ን ግን በምንም ዓይነት አይንኩት፤ ኃይሉ ያለው ከድንገተኛነቱ ላይ ነው።

ከአራቱ ሌላ ምንም ፋይል አይጨምሩ። የንፋስ፣ የዝናብና የጅብ ድምፅ ለመጨመር ይፈተናሉ፤ ተጫዋቾቹ ግን በአንድ ምሽት ትርጉም ሰጥተው የሚይዙት ድምፅ ጥቂት ነው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው የመጀመሪያዎቹን ያደበዝዛሉ።

ደረጃ 6፦ ተጫዋቾቹን አስቀድመው ያነጋግሩ

ከጨዋታው ቀን በፊት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ነገር ይንገሩ፦ ምሽቱ የመቃብር ቦታ ትዕይንት እንዳለውና ሙዚቃ እንደሚኖር። በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ሰው ካለ ይህ ጨዋታ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ። በሰው ፊት «እኔ አልፈልግም» ማለት ለብዙዎች ስለሚከብድ ጥያቄውን ለየብቻ ያቅርቡ። የመስማት ችግር ያለበት ወይም ድምፅ ሲደራረብበት ንግግር መለየት የሚያቅተው ተጫዋችም ካለ የሚታወቀው በዚህ ንግግር ነው፤ ያኔ 02ንና 03ን ትተው በ01ና በ04 ብቻ ይጫወቱ።

ደረጃ 7፦ ስፒከሩንና ስልኩን ያሰናዱ

ስፒከሩ ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም፤ ከተጫዋቾቹ ጀርባ፣ ወደ ግድግዳ ዞሮ ቢቀመጥ ድምፁ ከአንድ ቦታ የሚመጣ ሳይሆን ከክፍሉ የሚመጣ ይመስላል። የድምፁን ልክ እንዲህ ይፈትሹ፦ 03ን ከፍተው፣ ከእርስዎ ርቆ የሚቀመጠውን ሰው አስቀምጠው፣ በተራ ንግግር ድምፅ አምስት ቁጥሮች ይጥሩለት። አንዱን እንኳ ካሳተ ሙዚቃው በዝቷል።

የራስዎን ስልክ የሚጠቀሙ ከሆነ የአውሮፕላን ሁኔታውን አብርተው ብሉቱዙን ብቻ መልሰው ይክፈቱ። ይህን ያልኩት በአንድ ምሽት ስለደረሰብኝ ነው። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ቫዮሊኑን እየሰማ ሳለ ስልክ ተደወለና ጥሪው በስፒከሩ ክፍሉን ሞላው፤ ያን ጸጥታ መልሰን ለማግኘት ብንደክምም አልተመለሰም።

ደረጃ 8፦ በጠረጴዛው ላይ ይጫወቱት

የምሽቱን የመጀመሪያ ክፍል ያለ ምንም ሙዚቃ ይምሩ። ተጫዋቾቹ ወደ መንደሩ ይግቡ፣ ሰው ያነጋግሩ፣ ወደ መቃብሩ የሚሄዱበትን ምክንያት ያግኙ። ሙዚቃ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ከተከፈተ ጆሮ ይለምደውና መስማት ያቆማል፤ ከረጅም ጸጥታ በኋላ የሚመጣ ድምፅ ግን ሁሉንም ቀና ያደርጋል።

ተጫዋቾቹ የመቃብሩን አጥር ሲያልፉ መናገርዎን ያቁሙ። ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ዝም ይበሉ። 01ን ይክፈቱና በእያንዳንዱ ምት አንድ ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ፤ ምቶቹ ፈጠን ፈጠን ስለሚሉ ጠጠሮቹን አስቀድመው በመዳፍዎ ይያዙ። ምን እየሆነ እንደሆነ አያብራሩ። ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ጠጠር በኋላ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በከንፈራቸው መቁጠር ይጀምራሉ።

ቁጥሩን በተመለከተ አንድ የእኛ የሆነ ችግር አለ። ሙዚቃው የተጻፈው መንፈቀ ሌሊት 12 ሰዓት በሆነበት አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መንፈቀ ሌሊት 6 ሰዓት ነው፣ ሌሊቱ 12 ሲል ደግሞ ይነጋል። መጀመሪያ ይህን ጨዋታ በመራሁበት ምሽት አንዲት ተጫዋች 12ቱን ምቶች ቆጥራ «አሥራ ሁለት ሰዓት ከሆነማ ነግቷል፤ እንግባ» አለችና ሌሎቹም ተከተሏት። ትክክል ነበረች። ስለዚህ ምቶቹን ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከመቃብሮቹ ቁጥር ጋር ያያይዟቸው፤ ከመንደሩ ሰው አንዱ ቀደም ብሎ «እዚያ አሥራ ሁለት መቃብር ነው ያለው» ብሎ ቢናገር ደወሉ የሚቆጥረው ምን እንደሆነ ለሁሉም ይገባል።

02ን የሚከፍቱት ተጫዋቾቹ ሙዚቀኛውን ሲያዩት ነው። ስለ እሱ የሚናገሩትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገድቡና ቀሪውን ለቫዮሊኑ ይተዉት። ለምሳሌ፦ «ከትልቁ ድንጋይ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ደጋኑን ሲስበው አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን ከአፉ አይወጣም።»

03ን በጠቅላላው ከሦስት ጊዜ በላይ አይክፈቱት። የሚከፈተው የሚፈለገው ቁጥር ከ10 ወደ 12፣ ከ12 ወደ 14፣ ከ14 ወደ 16 ሲያድግ ነው፤ በዚህ ዓይነት ተጫዋቾቹ ሙዚቃው በተሰማ ቁጥር ነገሩ እንደሚከብድ ሳይነገራቸው ይማራሉ፣ በሦስተኛው ጊዜ ገና ሲጀምር ዳይሳቸውን ጠበቅ አድርገው ይይዛሉ። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሁሉ ጸጥታ ነው።

04 አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል። የመጨረሻው ጠጠር ከተነሣ ወይም ክሩ ከተቃኘ በኋላ ይክፈቱት፤ እስኪያልቅም አንድ ቃል አይናገሩ። ከዶሮው ጩኸት በኋላ ቫዮሊኑ ለአፍታ በሐዘን ይመለሳል፣ ሙዚቃውም ከመሬት በታች የገባ ያህል ቀጥኖ ያልቃል። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ በዳንሱ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ የእሱ መውረድ የሚነገረው ከዚህ ድምፅ በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

የመጀመሪያው ሙዚቃን በፍለጋ በሚገኝ ስም መምረጥ ነው። «የውጊያ ሙዚቃ»፣ «የመጠጥ ቤት ሙዚቃ» ተብለው ለሰዓታት የሚዘልቁ ስብስቦች ሞልተዋል፤ ሁሉም ውጊያ አንድ ዓይነት፣ ሁሉም መጠጥ ቤት አንድ ዓይነት ይሆንብዎታል።

ሁለተኛው ማንኛውንም ሙዚቃ እየደጋገሙ ማጫወት ነው። እያደገ የሚሄድ ሙዚቃ ጫፍ ደርሶ እንደገና ከዜሮ ሲጀምር ተጫዋቹ አደጋው እንዳለፈ ይሰማዋል፤ እርስዎ ግን አደጋውን እየጨመሩ ነው።

ሦስተኛው በሙዚቃ ላይ መጮኽ ነው። ድምፅዎን ለማሰማት ከታገሉ የሚቀነሰው ሙዚቃው ነው።

አራተኛው የታወቀ ፊልም ሙዚቃ መክፈት ነው። ዜማው ገና ሲጀምር ተጫዋቾቹ የሚያዩት የፊልሙን ተዋናይ እንጂ የእርስዎን ሙዚቀኛ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ

መዝሙርንና የበገና ዝማሬን ለጨዋታ አይጠቀሙ። በገና በተለይ በዐቢይ ጾም የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ነው፤ ድምፁ ለምናብ ዓለም የተመቸ መስሎ ቢታይዎትም፣ ለተጫዋቹ ጸሎት የሆነውን የጭራቅ መግቢያ ማድረግ ሰውን ያስቀይማል፣ የሚያስቀይመውም በትክክለኛ ምክንያት ነው።

ጨዋታዎን በዩቲዩብ የሚያስተላልፉ ከሆነ የሙዚቃው ደራሲ ሳን ሳንስ እ.ኤ.አ. በ1921 ያረፈ መሆኑ ብቻውን አይበቃዎትም። ድርሰቱ የሕዝብ ንብረት ቢሆንም ያጫወተው ኦርኬስትራ ቅጂ የራሱ መብት አለው። ለማስተላለፍ ነፃ መሆኑ በግልጽ የተጻፈበትን ቅጂ ይፈልጉ፤ እንደ ሙሶፐን ያሉ ድረ ገጾች ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው። በቤትዎ ከጓደኞችዎ ጋር ብቻ ለሚጫወቱ ይህ አያሳስብም።

በርቀት ለሚጫወቱ

ተጫዋቾቹ በየሀገሩ ተበትነው ዲስኮርድ በተባለው የድምፅ መገናኛ ፕሮግራም የሚገናኙ ከሆነ ሙዚቃውን በማይክሮፎን አያሰሙ። የፕሮግራሙ ጫጫታ ማጥፊያ የሰውን ንግግር ለይቶ ሌላውን ሁሉ ስለሚያጠፋ የሃርፑ ምቶች ተቆራርጠው ይደርሳሉ ወይም ጨርሰው አይሰሙም። ከ01 እስከ 03 ያሉትን ፋይሎች አስቀድመው ለሁሉም ይላኩና «01ን ክፈቱ» ሲሉ እያንዳንዱ በየራሱ ስልክ ይክፈት። በአንድ ሁለት ሰከንድ ቢለያዩ ጉዳት የለውም። 04ን ግን አብረው አይላኩ፤ ምሽቱ ላይ ሰዓቱ ሲደርስ ይላኩት።

ከዚህ በኋላ የሚሞክሯቸው

ይህን አንድ ጊዜ ከሠሩ በኋላ በኖርዌያዊው ኤድቫርድ ግሪግ «በተራራው ንጉሥ አዳራሽ» ይሞክሩ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲሆን አንዲት አጭር ዜማ ከዝቅተኛ ድምፅና ከጸጥታ ተነሥታ እየፈጠነችና እየጎላች ትሄዳለች። ከዚህ የሚወጣው ሕግ የማሳደድ ሕግ ነው፦ ዜማዋ በተመለሰች ቁጥር አሳዳጁ አንድ እርምጃ ይቀርባል።

ረዘም ላለ ታሪክ የእንግሊዛዊው ጉስታቭ ሆልስት «ፕላኔቶቹ» ሰባት ክፍል ስላለው ለሰባት ምሽቶች ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍል «ማርስ» በአምስት ምት የሚሄድ ሲሆን፣ ሲጀምር የክር መሣሪያዎቹ በደጋናቸው እንጨት ይመታሉ፤ በአምስት ምት ግራ ቀኝ ብሎ መራመድ ስለማይቻል፣ ከሩቅ የሚሰማው ጦር የሰው እግር እንደሌለው ተጫዋቾቹ ከማየታቸው በፊት ያውቃሉ። የመጨረሻው ክፍል «ኔፕቱን» የሚያልቀው ቃል በሌለው የሴቶች ዝማሬ ነው። ደራሲው ዘማሪዎቹ ከመድረኩ አጠገብ ባለ ሌላ ክፍል እንዲቀመጡ፣ በመጨረሻም የክፍሉ በር ቀስ ተብሎ ያለ ድምፅ እንዲዘጋ ጽፏል። እርስዎም በሰባተኛው ምሽት ስፒከሩን አስቀድመው ጓዳ ያስቀምጡት፤ ዝማሬው ሲጀምር ከጠረጴዛው ተነሥተው በሩን በጣት በጣት እየገፉ ይዝጉት፤ የበሩ ማጠፊያ እንዳይጮኽም ከሰዓት በኋላ ዘይት ያድርጉበት።